ስቫልባርድ ላይ አጥንት ይቅርና ሚስማርም አይነሳም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በጁላይ ልጆችሽን ይዘሽ ከኦስሎ ስቫልባርድ፣ ሩቅ ሰሜን ወዳሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ ልትሄጂ ነው፤ የተከለሉት ታሪካዊ ቦታዎች ለተራ ሰው ክፍት ናቸው ወይ፣ ትንሹ ልጅሽስ ከባሕሩ ዳር የዓሣ ነባሪ አጥንት ይዞ ቢመለስ ችግር አለው ወይ ብለሻል። አንዱ ወንድማችን «ባዶ መሬት ነው፣ ማን ያያል» ብሎሻል። እኔ እዚያ ዋናው ከተማ ሎንግየርቢየን፣ ሆቴል ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እሱን አትስሚው።

አጥንቱ አይቻልም። እዚያ ያለው ሕግ ከ1946 እ.ኤ.አ. በፊት ሰው የተወውን ማንኛውንም ነገር፣ ጎጆም ይሁን የጀልባ ስባሪ፣ የዛገ ቆርቆሮም ቢሆን፣ በራሱ ቅርስ ነው ይላል። ባለሙያ መጥቶ እስኪመዘግበው አይጠበቅም። መቃብር ከሆነ ዕድሜው ጭራሽ አይጠየቅም። ድሮ ዓሣ ነባሪና ዋልረስ (ትልቅ ጥርስ ያለው የባሕር እንስሳ) ይታረድባቸው በነበሩ ቦታዎች የቀረው አጥንትም እንደ መቃብሩ ነው፤ ልጅሽ የሚያየው አጥንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በቅርሱ ዙሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ድንኳን መትከልና እሳት ማንደድም ክልክል ነው።

«ቆሻሻ የሚመስለውን ሁሉ ምን አስጠበቃቸው?» ትይኝ ይሆናል። እኔም እንዲያ ነበር የምለው። እኛ አገር የተጣለ እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል። እዚያ ግን ምስጥ የለ፣ ዛፍ የለ፣ መሬቱ ከሥር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው፤ መቶ ዓመት ያለፈው ሳንቃ ትናንት ከአናጢ እጅ የወደቀ ይመስላል። ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው።

እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። በአንድ የእረፍት ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አስጎብኚ ይዘን በጀልባ ወጣን። የባሕሩ ዳር ከሳይቤሪያ ወንዞች ተንሳፍፎ በመጣ ግንድ ተሞልቷል፣ ቡና ለማፍላት እሱን እየለቀምን ነበር። እኔ ቀለል ያለች ሳንቃ ጎትቼ አመጣሁ። አስጎብኚው ለዋልታ ድብ የያዘውን ጠመንጃ እንዳንጠለጠለ ጎንበስ አለና በጣቱ ሚስማሩን አሳየኝ። ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው፣ አንጥረኛ በእጁ የቀጠቀጠው። ዞር ብዬ ሳይ፣ ተራ ጉብታ የመሰለኝ የፈረሰ የአዳኞች ጎጆ መሠረት ኖሯል። ሳንቃዋን ተሸክሜ ተመለስኩ። የነበረችበት መሬት ላይ ቅርጿ ነጣ ብሎ ቀርቶ ስለነበር ልክ እዚያው አጋደምኳት። አልተቆጣኝም፣ ግን ቡናው አልጣመኝም።

ክፍት ናቸው ወይ ላልሽው፣ ክፍት የሆኑ አሉ፤ የሚከብደው መድረሱ ነው። የታወቀው ስሜረንበርግ ሰሜን ምዕራቡ ጫፍ አምስተርዳም ደሴት ላይ፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይታሰብም፣ ለብዙ ቀን በሚጓዝ መርከብ ነው የሚኬደው። በ1600ዎቹ ሆላንዶች ዓሣ ነባሪ እያረዱ ስቡን የሚያቀልጡበት ሰፈር ነበር፤ ስሙም በእነሱ ቋንቋ «የስብ ከተማ» ማለት ነው። ድሮ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነበረበት ይባል ነበር፤ ሲቆፈር ግን ቢበዛ 200 ሰው ያህል እንደነበር ነው የታየው። ዛሬ ሄደሽ ሕንፃ ብትፈልጊ አታገኚም። የምታዪው በምድጃዎቹ ዙሪያ የፈሰሰው ዘይት ከአሸዋ ጋር ተጋግሮ የሠራውን ጥቁር ክብ ነው፣ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ። ሰው ሳያውቅ ይረግጠዋል፤ ልጆቹን እጃቸውን ያዢ።

ከዚያ ብዙም የማይርቀው ሊክኔሰት፣ ዓሣ ነባሪ አዳኞቹ የተቀበሩበት፣ ጭራሽ ዝግ ነው። በአካባቢው ባለ ሌላ ደሴት መቃብሮች ሲቆፈሩ አጽሞቹ ከነሱፍ ቆባቸው ነው የወጡት። አንዱም ቆብ ከሌላው አይመሳሰልም። ብርዱን ሲሸሹ ፊታቸውን ጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ስለሚቀር፣ የሚተዋወቁት በቆቡ መስመር ነበር ይባላል። ቪርጎሃምና የሚባለው ደግሞ ከአገረ ገዢው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ካልያዝሽ አይወረድበትም። ስዊድናዊው አንድሬ በ1897 እ.ኤ.አ. ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ የተነሣው ከዚያ ነው። አስከሬናቸው ከ33 ዓመት በኋላ ነው የተገኘው። ለፊኛው ጋዝ የሠሩበት የብረት ፍቅፋቂ ዛሬም መሬቱ ላይ እንደዛገ አለ፤ ቱሪስት ሲረግጠው ይደቅቃል፣ ፈቃዱ ለዚህ ነው።

ከልጆች ጋር ከሆነ እኔ ባንቺ ቦታ ሎንግየርቢየን ላይ እቆያለሁ። ብዙ ገንዘብ አትጨርሺም ማለቴ አይደለም፣ ሁሉም ነገር እሳት ነው። ግን የድሮዎቹ የከሰል ማመላለሻ የእንጨት ምሰሶዎች ከተማው መሐል ቆመዋል፣ በእግር ነው የሚታዩት። የተዘጋው ሦስተኛው የከሰል ማዕድን ውስጥ አስጎብኚ ያስገባል፤ ለልጆቹ ዕድሜ ገደብ እንዳለው ግን ቀድመሽ ጠይቂ። በ1984 እ.ኤ.አ. የሰሜን አውሮፓ አገሮች የእህል ዘር ለመጠባበቂያ መጀመሪያ የተቀመጠው እዚያ ነው፤ በዓለም የሚወራለት የዘር ማከማቻ የመጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሙዚየሙም ሆነ ብዙ ሆቴሎች በር ላይ ጫማ ያስወልቃሉ፣ ከሰል አቧራ ቤት እንዳይገባ ከማዕድን ሠራተኞቹ የቀረ ልማድ ነው። እናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ነዋ» ብላ ሳቀች።

ከከተማው ክልል ግን ያለ አስጎብኚ ንቅንቅ አትበይ። የዋልታ ድቡ ቀልድ አይደለም፣ ቅርስ ሲያዩ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስቫልባርድ የኖርዌይ ብትሆንም ከሸንገን፣ ማለትም ያለ ድንበር ፍተሻ ከሚኬድባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ውጭ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፍተሻ አለ። የሁላችሁንም ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ ያዢ፣ የልጆቹንም ጭምር። ካርዱን ቤት ረስቶ ከኦስሎ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።