ማር ስኳር አይደለም ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ 30 ዓመት ነርስ ሆኜ ስሰራ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት የስኳር ክትትል ክፍል ነው፣ ጡረታ ወጥቼም ሰዉ እየደወለ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ነገር ነው፦ «ሲስተር፣ ስኳሩን ትቼ በማር ልጠጣ?» በተለይ እናንተ ለእናት ለአባታችሁ ብላችሁ ከገጠር ንፁህ ማር የምታስመጡት፣ ፍቅራችሁ ይገባኛል፣ ግን ስሙኝ።

ማር ከመቶ 80 እጁ ያህል ስኳር ነው፣ የቀረው ባብዛኛው ውሃ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር አለው፣ በዛው ማንኪያ የተሰፈረ ነጭ ስኳር እኮ 12 ግራም ተኩል ገደማ ነው። የጎጃምም ሆነ የትግራይ ነጭ ማር፣ ንፁህ መሆኑ ይሄን አይቀይረውም። ተምርም ቡናማ ስኳርም ያው ደም ውስጥ የሚገባ ስኳር ነው።

የራሴ አባት ስኳር ሲገኝበት እኔ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት በሶ በማር በጥብጦ ሲጠጣ እያየሁ ዝም አልኩ፣ ማር መድኃኒት ነው ሲባል እየሰማሁ ነዋ ያደግኩት። ሐኪሙ ምን ይመገባሉ ሲለው «ስኳር የሚባል አልቀምስም» አለ፣ አልዋሸም፣ የሚያምነው እንደዛ ነበር፣ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያን ቀን በባዶ ሆዱ የተለካው የደም ስኳሩ ከ250 በላይ ነበር። ከዛ በኋላ የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስን፣ ቀረፋና ቅርንፉድ እያበዛን፣ በሁለት ወር ውስጥ ያለምንም ስኳር ለመደው።

ስቲቪያ ግን ለየት ይላል። መነሻው ፓራጓይ አካባቢ ከሆነ ተክል ቅጠል የሚወጣ ነው፣ ከስኳር 200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል፣ የደም ስኳርን ግን ከፍ አያደርግም። እሽጉን ገልብጣችሁ አንብቡ ብቻ፣ ብዙዎቹ ዱቄቶች ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚባሉ የደም ስኳር የሚጨምሩ ነገሮች ይቀላቀሉባቸዋል፣ አንድ ፓኬት ላይ ትንሽ ነው፣ በቀን አስር ለሚጨምር ሰው ግን ይደመራል።

አሁን ደሞ በጣም የምፈራው ነገር። አንዲት ልጅ ለእናቷ ብላ ቤት ያለውን ስኳር በሙሉ አውጥታ ስቲቪያ ብቻ አስቀመጠች፣ እናትየው ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የደም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ነበር የሚወስዱት፣ አንድ ማታ ራት ሳይበሉ ቆይተው ሲያልባቸውና ሲንቀጠቀጡ ስቲቪያ ያለበት ሻይ ሰጠቻቸው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ይመልሳቸዋል ብላ። እኛ ጋ ሲደርሱ ራሳቸውን ስተው ነበር። ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የልጅቷን ልቅሶ ግን እስካሁን አልረሳውም። የደም ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ የሚያስፈልገው እውነተኛ ስኳር ነው፣ 15 ግራም ያህል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ማለት ነው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለክታችሁ ካልተስተካከለ ድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም አፉ ውስጥ አትጨምሩ፣ ትን ይለዋል፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ነው።

አባቴም በኋላ ኢንሱሊን ሲጀምር ያ ማር ከበሶው ጎን ተነስቶ በትንሽ ብልቃጥ አልጋው ራስጌ ተቀመጠ፣ ክዳኑ ላይ በፕላስተር «ሲያንቀጠቅጥ ብቻ» ብዬ ለጥፌበት።