የዓሣ ቋንጣን ከትል ለመጠበቅ በርበሬ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የጣና ቆረሶና አምባዛ ሰንጥቄ፣ አድርቄ ለዐቢይ ጾም በማዳበሪያ አስቀምጣለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው ፀጉራም ቡናማ ትል ይወረዋል፤ ከሥሩም ዱቄት የመሰለ ነገር ይከማቻል። በርበሬ ብነሰንስበትም አልተወውም። የነቀዝ መድኃኒት ጨምሪበት የሚሉኝ አሉ። በጓዳ ቅመም የሚሆን ዘዴ የለም? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የነቀዝ መድኃኒቱን ይተዉት። ለእህል የሚደረገው ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል፤ የሚረጨው ደግሞ በዓሣው ስብ ውስጥ ይቀራል፣ ታጥቦም አይለቅ።

ፀጉራሙ ትል የጢንዚዛ እጭ ነው። እናትየዋ ጠቆር ያለች፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ ስትሆን እንቁላሏን በሥጋው ስንጥቅና በስንጥቡ (በዓሣው መተንፈሻ) ሥር ትጥላለች፤ ብዙ ጊዜም ዓሣው ገና ማስጫ ላይ ሳለ ነው። በርበሬው ሲነሰነስ እንግዲህ እንቁላሉ ቀድሞ ገብቷል። ቅመም ከውጭ የሚመጣውን ያሸሻል እንጂ ውስጥ ያለውን አይገድልም። የተፈጨ በርበሬ ደግሞ ራሱ ይነቅዛል።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ጨው ነው። ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ ወጥቶ፣ ታጥቦ ለጠነፈፈ 1 ኪሎ ዓሣ 250 ግራም ጨው ይያዙ። አምባዛ ወፍራም ስለሆነ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ይተልትሉትና ጨዉን ትልትሉ ውስጥ ያስገቡ፤ ጨው ያልደረሰበት ቦታ ነው የሚተላው። በባልዲ ደርድረው፣ ክብደት ጭነው ያሳድሩት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጠቀም ከፈለጉ ቦታቸው እዚህ ነው፤ የደረቀ ዓሣ ላይ ርጥብ ቅመም መቀባት ሻጋታ መጥራት ነው። ጠዋት የወጣውን ውሃ ደፍተው፣ ለቅለቅ አድርገው ያስጡት።

ማስጫው ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ይሁን፤ ከላይ ዝንብ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይሸፈን። ለወባ የሚታደለው አጎበር ግን መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ። በሁለት ተከታታይ ቀን ሲመዘን ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደረጃ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። የደረቀውን ዓሣ ጥቁር ላስቲክ ላይ ዘርግተው፣ በብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ሸፍነው፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ይዝጉና በቀትር ፀሐይ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል ያቆዩት። ቴርሞሜትር ያስገቡ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት። ደመና ከሆነ በምድጃ፣ በ60 ዲግሪ፣ ሙቀቱ ወፍራሙ ሥጋ መሐል ከደረሰ በኋላ 1 ሰዓት ይበቃዋል። እንቁላሉም እጩም የሚያልቀው በዚህ ነው። ዓሣው ሳይደርቅ ከተሞከረ ግን ይበስልና ይፈራርሳል።

ቅመሙ አሁን ይምጣ፦ ለ1 ኪሎ የደረቀ ዓሣ 30 ግራም ያህል ቁንዶ በርበሬ (4 የሾርባ ማንኪያ) እና 1 የሾርባ ማንኪያ ቅርንፉድ። ሁለቱም በዚያው ዕለት ይወቀጡ፤ ኃይላቸው ሽታቸው ነውና የቆየ ዱቄት ዋጋ የለውም። ስንጥቁንና የሆዱን ውስጥ በእጅ ያሹበት። ዋጋው ከከበደዎት ከቅመሙ ይቀንሱ፣ ከጨውና ከሙቀቱ ግን አይቀንሱ።

በማዳበሪያ ማስቀመጡንም ይተዉ፤ በሽመናው ቀዳዳ ጢንዚዛ ይገባል። ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ወይም ሰፊ አፍ ያለው ፕላስቲክ በርሜል ይሻላል። ጨው የማይበግራት ሌላ ጢንዚዛም አለች፤ ትንሽ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆና የምታብለጨልጭ፣ እግሯ ቀላ ያለ። እሷን የሚያግዳት ክዳኑ ነው። በየ2 ሳምንቱ ከፍተው ከሥር ዱቄት መኖሩን ይዩ፤ ካለ ወደ ፀሐዩ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ትል የገባበትን ዓሣ መብላት ይቻላል? (እኚሁ አንባቢ)

መልስ፦ ጥቂት ከሆነ አራግፈው፣ ከላይ እንዳልነው አሙቀው፣ አጥበው ቶሎ ይሥሩት። የእጩ ፀጉር ቆዳና ጉሮሮ ሊያሳክክ ስለሚችል ሲያራግፉ ውጭ ሆነው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው ይሁን። ሥጋው ተበልቶ ቆዳው ብቻ የቀረ፣ የሻገተ ወይም የከረፋ ከሆነ ይጣል።