ባዮሎጂውን ካወቅኩ ማስተማሩ ምን ይከብዳል?

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር ለመሆን ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ ነው። የማስተማር ዘዴ የሚሰጡን መምህርት ሰሞኑን የምርጥ መምህርነት ሽልማት አገኙ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ለምን እንደተሸለሙ አልገባኝም። ባለፈው ሳምንት “ዛፍ የሚወፍረው አፈር እየበላ ነው” ባለ የአንድ ልጅ መልስ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናወራ ቆየን። ትክክለኛውን ነግረውን ብንወጣ ምን ነበረበት? ባዮሎጂውን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል። ግን እኮ ያሸለመቻቸው ያቺ የናቅካት ሁለት ሰዓት ሳትሆን አትቀርም።

እስቲ አስበው። ያንን ልጅ ፎቶሲንተሲስ (ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበት ሂደት) ምንድን ነው ብትለው ቀመሩን እንደ ዳዊት ይደግምልሃል። ፈተና ላይም አስር ከአስር ያመጣል። ከዚያ ግንድ አሳይተህ “ይሄ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?” በለው። “ከአፈር ነዋ!” ቀመሩና የድሮው ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተው ይኖራሉ፣ ግን አይተዋወቁም።

ልጁ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ቫን ሄልሞንት የሚባል የ17ኛው መቶ ዘመን ሊቅ አኻያ ተክሎ 5 ዓመት ውሃ ብቻ እያጠጣ ቆየና ዛፉንም አፈሩንም መዘነ። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨምሯል፣ ከአፈሩ የጎደለው ግን 57 ግራም አካባቢ ነው። አፈር አለመሆኑን አረጋገጠ፣ ከዚያ “እንግዲያው ውሃው ነው” ብሎ እሱም ሳተ። የደረቅ እንጨት አብዛኛው ክብደት የሚመጣው አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር ደግሞ አይታይ፣ አይጨበጥ፤ እንዴት ብሎ ግንድ ይሆናል? መምህርታችሁ የሚያሠለጥኗችሁ እዚህ ጋ ነው፦ ልጁ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ቀድሞ ማወቅ፣ በየትኛው ምሳሌ ወይም ሙከራ እንደሚነሳ መምረጥ። ይሄ ከባዮሎጂውም፣ በደፈናው “ዘዴ” ከሚባለውም የተለየ፣ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። የስታንፎርዱ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለብቻው ነጥለው ካሳዩት ወዲህ በመምህራን ሥልጠና ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዟል።

“አውቀዋለሁ” ያልከው ነገርስ? አስራ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠን መምህር ስናይ ስለኖርን ሥራውን የምናውቀው ይመስለናል። ፀጉሩን ሲቆረጥ ስለኖረ ግን ፀጉር አስተካካይ የሆነ የለም።

ሽልማት ሁሉ ለሚገባው ሰው ይደርሳል አልልህም። በቀልድና በለጋስ ማርክ የሚሸለምም አይጠፋም። ይዘቱን ሳያውቁ ዘዴ ዘዴ ማለትም የትም አያደርስም፣ ስለዚህ ባዮሎጂህን አጥብቀህ ያዝ።

ለማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) ትምህርት ቤት ስትወጣ ግን አንድ ነገር ሞክር። ሜሪ ባድ ራው የተባሉ ተመራማሪ የሳይንስ ክፍሎችን በቴፕ ቀድተው ሲያዳምጡ፣ መምህራኑ ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚናገሩትም በዙ። አንተም ስለ ግንዱ ጠይቅና በልብህ እስከ ሦስት ቁጠር። ቀላል ይመስላል አይደል? ገና ሁለት ላይ ስትደርስ መልሱን ራስህ ልትነግራቸው አፍህን ይበላሃል።