የጎልፍ ምት፦ ስለ ኃይልና ስለ አቅጣጫ ጥያቄና መልስ

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ ኳስን አርቆ መምታትና ወደታሰበበት ቦታ መላክ አንዱ ሲገኝ ሌላው የሚታጣ ነገር አድርገው ያቀርባሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሁለቱም የሚገኙት ኳሱ የዱላውን ፊት መሐል ላይ ሲነካ ነውና። መልሶቹን የጻፍኩት በቀኝ እጅ ለሚመታ ተጫዋች ስለሆነ፣ ግራኝ አንባቢዎች አቅጣጫውን ገልብጠው እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ ክብደት አነሣለሁ፣ ክንዴም ጠንካራ ነው። ሆኖም በአካል ከእኔ በጣም የሚያንስ ጓደኛዬ በድራይቨር (ኳስን አርቆ ለመምታት በሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ) ሁልጊዜ ከእኔ አርቆ ይመታል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ርቀትን በዋነኛነት የሚወስኑት የዱላው ራስ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ያለው ፍጥነትና ኳሱ የዱላውን ፊት የነካበት ቦታ ናቸው። ፍጥነቱ ደግሞ የሚጀምረው ከክንድ ሳይሆን ከእግር ነው። ዱላው ከላይ መውረድ ሲጀምር በመጀመሪያ ክብደት ወደ ግራ እግር ይሸጋገራል፤ ዳሌ ወደ ዒላማው መዞር ይጀምራል፤ ደረት ይከተላል፤ ከዚያ ክንዶች፣ በመጨረሻም የዱላው ራስ ይመጣል። እያንዳንዱ የአካል ክፍል ፍጥነቱን ለሚቀጥለው አስረክቦ ራሱ ይቀዘቅዛል። ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ጫፉ የሚጮኸው እጀታውን የያዘው እጅ ቆም ሲል ነው። እንደምገምተው የእርስዎ ክንድ ዳሌዎን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይወርዳል፤ ክንድ ሲቀድም ደግሞ ጉልበቱ ኳሱ ጋ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ያልቃል።

ሁለተኛው ነገር የመሐል አመታት ነው። በድራይቨር መሐል የተመታ ኳስ ከዱላው ራስ ፍጥነት እስከ 1.5 እጥፍ በሚደርስ ፍጥነት ይወጣል። ዱላዎ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ኳሱ 225 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ወደ ጠርዝ ተጠግቶ ተመትቶ እጥፉ ወደ 1.35 ቢወርድ ግን ያው ምት 202 ብቻ ይሰጥዎታል። ስለዚህ ጡንቻ ከመጨመርዎ በፊት የዱላውን ፊት በጠመኔ ቀብተው ጥቂት ኳሶችን ይምቱ፤ ኳሱ የት እንደነካ ምልክቱ ያሳይዎታል። ምልክቶቹ ወደ መያዣው በኩል ከተጠጉ ከኳሱ ትንሽ ራቅ ብሎ መቆም ብቻውን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኳሴ ዘወትር ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ይህን ለማካካስ ወደ ግራ ዞሬ ብቆምም ይብሳል እንጂ አይሻሻልም።

መልስ፦ የሚብስበት በቂ ምክንያት አለው። ኳሱ የሚነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በንክኪው ጊዜ የዱላው ፊት የሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ በአየር ላይ የሚታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና ዱላው የሚጓዝበት መስመር ሲለያዩ ነው። ወደ ግራ ዞረው ሲቆሙ የዱላው መስመር ይበልጥ ወደ ግራ ይሄዳል፤ እጅዎ ግን ፊቱን ወደ ባንዲራው እንዳዞረ ይቀራል። ልዩነቱ ስለሰፋ እጥፋቱም ይሰፋል።

መፍትሔውን ከአያያዝ ይጀምሩ። ዱላውን ይዘው ወደ ታች ሲያዩ የግራ እጅዎ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓዎች ሊታዩዎት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው መስመርም ወደ ቀኝ ትከሻዎ ሊያመለክት ይገባል። አንድ አንጓ ብቻ የሚታይዎት ከሆነ ፊቱ ተከፍቶ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ዞሮ፣ መምጣቱ የማይቀር ነው። በምቱ መጨረሻ በእጅ ለማረም መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ኳስና ዱላ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ በመሆኑ የሰው እጅ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያስተካክለው ነገር የለም። የ1 ዲግሪ ስሕተት ብቻ ኳሱን ከ200 ሜትር በኋላ 3.5 ሜትር ያህል ከመስመሩ ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ስጫወት ደህና ይሄድልኝ የነበረው ኳስ ዱባይ ከመጣሁ ወዲህ ያጥራል፣ ይታጠፋልም። ምቴ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ምትዎ ሳይሆን አየሩ ነው የተለወጠው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስስ አየር ኳሱን እምብዛም አይጎትተውም፤ ስለዚህ ኳሱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይርቃል። በኳሱ ሽክርክሪት የሚመጣው ኃይልም ስለሚቀንስ እጥፋቱ ይለዝባል። በሌላ አነጋገር እጥፋቱ አዲስ አበባም ሳሉ ነበረ፤ ከፍታው ሸፍኖልዎት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በሜክሲኮ ሲቲ ቻፑልቴፔክ ሜዳ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ በተደረገው ውድድር የተሳተፉ ባለሙያዎችም የየዱላቸውን ርቀት እንደ አዲስ ማስላት ነበረባቸው። እርስዎ በአዲስ አበባ 150 ሜትር የሚልኩበት አይረን (ከድራይቨር የሚያጥረው ባለ ብረት ራስ ዱላ) ዱባይ ላይ ወደ 135 ሜትር ቢወርድ አይደንግጡ፤ የዱባይ ሙቀት አየሩን ትንሽ ስለሚያሳሳው ጥቂቱን ይመልስልዎታል። አንድ ቁጥር ረዘም ያለ ዱላ ይምረጡ እንጂ ጉልበት አይጨምሩ። ስለ እጥፋቱ ከላይ ለሌላው ጠያቂ የሰጠሁት መልስ ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ረዘም ያለ ድራይቨር ብገዛ ርቀት አገኛለሁ?

መልስ፦ አልመክርም። ሕጉ እስከ 48 ኢንች ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ግን የባለሙያ ውድድር አዘጋጆች ርዝመቱን በ46 ኢንች መገደብ ይችላሉ። ዱላ በረዘመ ቁጥር መሐሉን ማግኘት ይከብዳል፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ ርቀትን የሚበላው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ቀጥ ብሎ እንዲሄድልኝ ቀስ ብዬ ልምታ?

መልስ፦ ቀስ ማለት ያለበት የዱላው አነሣስ ነው። የታላላቅ ተጫዋቾች ምት ሲለካ ወደ ላይ የሚነሣበት ጊዜ ወደ ታች ከሚወርድበት 3 እጥፍ ያህል ሆኖ ይገኛል። ሲወርድ ግን ፍጥነቱን አይያዙት፤ ፍርሃት ያደረበት እጅ የዱላውን ፊት ክፍት አድርጎ ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከ60 አልፏል፣ ወገቤም እንደ ድሮው አይዞርም። ርቀቴን እንዴት ልጠብቅ?

መልስ፦ ወገብዎን አያስገድዱት። ሲቆሙ የቀኝ እግርዎን ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ዱላው ሲነሣም የግራ ተረከዝዎ ከመሬት እንዲነሣ ይፍቀዱለት። ሁለቱም ዳሌ በቀላሉ እንዲዞር ስለሚረዱ ሸክሙ ከወገብ ላይ ይቀንሳል። ተረከዙን መልሶ መሬት ማስነካት ደግሞ የመውረዱ መጀመሪያ ይሁንልዎ፤ ክብደትዎ ወደ ግራ እግር ሳይገፋ ይሸጋገራል። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያዩ ወደ ሜዳ አይመለሱ።