ክሮኑ ሰርቷል ወይስ አልሰራም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ለዕድራችን ሲስተም ሰርቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መዋጮ ላልከፈሉ አባላት በራሱ ሜሴጅ እንዲልክ ክሮን (ትዕዛዝን በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ አስገብቼዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ እዚሁ ቤቴ ነው፣ መብራት አንዳንዴ ይጠፋል። ባለፈው ቅዳሜ ግማሹ ደረሰኝ ግማሹ አልደረሰኝም አለ፣ የዕድሩ ዳኛ ጠርተው ሲጠይቁኝ የማሳያቸው ነገር አጣሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ዳኛው ፊት ባዶ እጅሽን መቆምሽ ነው እኔንም ያሳሰበኝ። ክሮን ስክሪፕቱ (ሜሴጁን የሚልከው ፕሮግራምሽ) ያወጣውን ጽሁፍ በኢሜይል ሊልክልሽ ይሞክራል፣ ኢሜይል መላኪያ ካልተጫነ ግን በቃ እዛው ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ከትዕዛዙ ጫፍ >> ብለሽ የሎግ ፋይሉን (የሆነው ሁሉ የሚመዘገብበትን ፋይል) ስም፣ ከዛ 2>&1 ጨምሪበት፣ ኤረሩም አብሮ ይገባል። አንድ > ብቻ ካደረግሽ የበፊቱን እያጠፋ ነው የሚጽፈው።

ዋናው ግን ስክሪፕቱ ራሱ ሲጀምር አንድ መስመር፣ ሲጨርስ ሌላ መስመር ይጻፍ፦

05:00:01 ጀመረ፣ ዙር 41፣ የሚላክላቸው 64
05:02:20 ጨረሰ፣ ዙር 41፣ የተላከ 62፣ ያልተላከ 2

ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የሚጽፈው፣ እሱ አይበቃም። ጀመረ ኖሮ ጨረሰ ከሌለ መሀል ላይ ተቋርጧል፣ ሁለቱም ከሌሉ ጭራሽ አልተነሳም ማለት ነው፣ ክሮን ደሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ያመለጠውን መልሶ አያካክስም፣ ለሱ አናክሮን የሚባል አለ። 05:00 ያልኩት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ በኛ ጠዋት 2 ሰዓት፣ የትኛውን ሰዓት እንደምትጠቀሚ ፋይሉ አናት ላይ ጻፊው አለበለዚያ ያምታታሻል።

ደሞ ለእያንዳንዱ አባል እንደተላከ ወዲያው ዳታቤዝ ላይ መዝግቢ፣ በአባልነት ቁጥሩ እንጂ በስልኩ አይሁን፣ የሰው ስልክ ሎግ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ስክሪፕቱ ከመላኩ በፊት ይሄን መዝገብ እንዲያይ ካደረግሽ፣ የተቋረጠውን ስታስነሺው ለቀሩት ብቻ ይልካል። እኔ ይሄን ሳላደርግ ለአንድ ማህበር የላክሁት ማስታወሻ ለአንዳንዶቹ 3 ጊዜ ደርሶ፣ አንዲት እናት ደውለው "ልጄ፣ ከፍያለሁ እኮ" ሲሉኝ ያፈርኩትን አልረሳውም።

ላለፈው ቅዳሜ ግን ሜሴጁን የምትልኪበት ድርጅት የመላኪያ ሪፖርት ካለው ለማን እንደደረሰ ከሱ አውጪና ለዳኛው አሳዪያቸው።