ማውጫውን ማን ጻፈው? ለወጣት መረጃ ፈላጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወጣቶች፣

በ1977 ዓ.ም. በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስቀጠር የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ የማውጫ ካርድ መጻፍ ነበር። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ ይዘጋጅለታል፤ አንዱ በደራሲው ስም፣ አንዱ በርእሱ፣ አንዱ ደግሞ መጽሐፉ በሚናገርበት ጉዳይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሽፋኑ ላይ ስለሚገለበጡ እምብዛም አያስቸግሩም፤ ሦስተኛው ግን ፍርድ ይጠይቃል። መጽሐፉን ገልጦ ማየት፣ «ይህን የሚሻ ሰው በምን ቃል ይፈልገው ይሆን?» ብሎ መገመት ያስፈልጋል። አንድ ቀን ስለ ጫካ ቡና የተጻፈ መጽሐፍ በ«ደን» ሥር ብቻ መዝግቤ ካርዱን ከመሳቢያው ጨመርሁ፤ «ቡና» የሚል ካርድ ግን አልሠራሁለትም። ከስድስት ዓመት በኋላ በንብረት ቆጠራ ጊዜ መጽሐፉን ሳነሣው፣ ከኋላ ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው የመመለሻ ቀን ወረቀት አንድም ማኅተም አልነበረበትም። በዚያው ሳምንት የጎደለውን ካርድ ጻፍሁለትና በቀጣዩ መንፈቀ ዓመት ሦስት ተማሪዎች ተዋሱት። መጽሐፉ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ከመደርደሪያው አልተነቃነቀም፤ የጠፋው ከማውጫው ነበር።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ የእንጨት መሳቢያው ናፍቆኝ አይደለም፤ አቧራው ሳል አስይዞኝ ኖሯል። የምነግራችሁ ማንኛውም የመፈለጊያ መሣሪያ፣ ያ መሳቢያም ሆነ ዛሬ በስልካችሁ የምታናግሩት መልስ ሰጪ ማሽን፣ ሌላ ሰው እናንተ ስለምትፈልጉት ነገር አስቀድሞ ያደረገው ግምት መሆኑን እንድታስተውሉ ነው። በካርዱ ዘመን የገማቹን የእጅ ጽሑፍ እናውቀው ነበር፤ «ይህማ የእገሌ ካርድ ነው፣ እርሱ ግብርናን አያውቅም» ብለን ሌላ መሳቢያ እንስብ ነበር። ዛሬ የገማቹ እጅ አይታይም።

ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አቅራቢያ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማእከል ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉን ድር (ዌብ) ሐሳብ በጽሑፍ ያቀረበው፣ ሠራተኛ በተለዋወጠ ቁጥር የተሠራው ሥራ መረጃ እየጠፋ ስላስቸገረ ነበር። መረጃን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ ቦታ ብቻ መሰካት እንደማይበቃም በዚያው ጽሑፉ አስረድቷል፤ የእኔን የቡና መጽሐፍ ያየ ይመስል። ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ያሁ ድረ ገጾችን በሰው እጅ በየዘርፋቸው ይደረድር ስለነበር ለእኛ ለካርድ ጸሐፊዎች የሥጋ ዘመድ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ጉግል ደግሞ አንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚጠቁምበትን ሊንክ እንደ ምስክርነት ቆጠረ፤ ብዙ ምስክር ያለው፣ ይልቁንም ምስክሮቹ ራሳቸው የተመሰከረላቸው ገጽ፣ ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ የተባለው መልስ ሰጪ ማሽን ለሕዝብ ሲቀርብ ግን የገጾቹ ዝርዝር ራሱ ከፊታችን ተነሣና በቦታው የተስተካከለ አንቀጽ ተቀመጠ። ዝርዝር ሲሰጣችሁ መምረጥ የእናንተ ፈንታ ነበር፤ አንቀጽ ሲሰጣችሁ ግን ምርጫው አልቆ ነው የሚደርሳችሁ። አሁን አሁን ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከመልሱ ጎን ምንጭ የሚያመለክት ቁጥር ወይም ሊንክ ያስቀምጣሉ፤ ነገር ግን ሊንኩን ከፍቶ፣ የተባለው ነገር በእርግጥ በገጹ ውስጥ መኖሩን የሚያይ ወጣት ብዙ አላጋጠመኝም።

እኔም ብሆን ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የእህቴ ልጅ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለሚዘጋጅ ዐውደ ርእይ የዘመን ቅደም ተከተል ያስፈልጋት ነበርና አንዱን መልስ ሰጪ ማሽን ጠይቃ ያገኘችውን አሳየችኝ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በ1922 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት መታወጅ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ተብሎ ተደርድሯል። አጻጻፉ የተዋበ፣ አደራደሩም ያማረ ስለነበር «ደግ ነው» ብዬ አሳለፍሁት፤ በትልቅ ሸራም ታተመ። በመክፈቻው ዕለት አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ወደ ሸራው ጠቁመው «ልጄ፣ ንግሡም ሕገ መንግሥቱም በ23 ነው፤ አባቴ ሲያወራን ሁለቱንም የአንድ ዓመት ወሬ አድርጎ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ዘውዱ የተጫነው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጀመሪያው በኅዳር 1930፣ ሁለተኛው በሐምሌ 1931 ስለሚውል ሁለት ዓመት ይመስላል። ማሽኑ ከሁለቱም ላይ 8 ቀንሷል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ግን የሚቀነሰው 7 ነው። ይህን ከዐርባ ዓመት በላይ የማውቀው እኔ፣ ዐይን ካላዩበት ግንባር ነው እንዲሉ፣ ሳላየው አለፍሁት። ጽሑፉ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ቢሆን ኖሮ እጠራጠር ነበር፤ ያታለለኝ ጥራቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የዘመን ቁጥር ያለበትን መልስ ሁሉ ወሩን ሳልጠይቅ አልቀበልም፤ እናንተም ወር የሌለውን ዓመት ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ባትመልሱ እመርጣለሁ።

በአማርኛ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሌሎች ጣጣዎች አሉባችሁ፤ ስለ እነዚህ ትንሽ ልዘግይ፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፉ የፍለጋ መመሪያዎች አይነግሯችሁምና። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በሁለቱ ጸዎችና በሦስቱ ሀዎች ልዩነት ብቻ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስቱንም ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዳንድ መሣሪያዎች ልዩነቱን እያቻቻሉ ይፈልጋሉ፤ በየተቋማቱ ድረ ገጽ ላይ ያሉት ትንንሽ የመፈለጊያ ሳጥኖች ግን በአብዛኛው ፊደሉን እንደ ወረደ ነው የሚያመሳስሉት። ስለዚህ በ«ሥዕል» ፈልጋችሁ ባዶ ገጽ ቢመጣላችሁ «ስለ ጉዳዩ የተጻፈ የለም» ከማለታችሁ በፊት በ«ስዕል»፣ በ«ስእል» እና በ«ሥእል» ሞክሩ። የቃሉ ፊትና ኋላም እንዲሁ ነው፤ «ቤት» ብሎ የጠየቀ ሰው «በቤታችን» እና «ለቤቶቹ» የሚሉትን ላያገኝ ይችላል፤ ቋንቋችን በቃል ግራና ቀኝ ብዙ ነገር ይሸከማልና። ከአንድ ቃል ይልቅ ሁለት ሦስት ተዛማጅ ቃላት አብሮ መስጠት፣ የታወቀ ሐረግ ሲሆን ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ መፈለግ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

የድሮ ሰነዶች ችግር ከዚህ ይከፋል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የኮድ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የጻፍንባቸው የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የሚያለብሱ ነበሩ። በወረቀት ሲታተም አማርኛ ነው፤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ግን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ መፈለጊያውም የሚያነበው ይህንኑ ዝብርቅርቅ ነው። እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ያስጻፍኋቸው የማውጫ ዝርዝሮች አሉ፤ ዛሬ በአማርኛ ቢፈለጉ አይገኙም። ስካን ተደርገው በፒዲኤፍ የተቀመጡ ጋዜጦችና አዋጆችም፣ ምስሉን ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም ካልተሠራባቸው፣ ለመፈለጊያው ፎቶግራፍ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው «ምንም አልተገኘም» ሲላችሁ «እኔ ማንበብ የምችለው የለም» ማለቱ እንደሆነ ቁጠሩት። ወደ ወመዘክር (ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጎራ ብሎ ባለሙያ የሚጠይቅ ወጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ በስልኩ ላይ ሲያንሸራትት ካደረ ጓደኛው ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ ዛሬም አለ።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጅ መረጃ ቋቶች መጨረሻ የተጻፈውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ይደረድራሉ፤ በዚህ ሥርዓት አበበ ቢቂላ በአባቱ ስም ሥር ይገኛል። የአንድን ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሥራ ስትፈልጉ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በላቲን ፊደል ሲሆንም ልዩ ልዩ አጻጻፉን እየለዋወጣችሁ ሞክሩ። የአንዱ ሰው ጽሑፎች በሦስት ሰው ስም ተበትነው፣ የሦስት ሰው ጽሑፎችም በአንድ ስም ተከማችተው አይቻለሁ።

ከአዲሶቹ መሣሪያዎች እኔ የምወዳቸውን ብትጠይቁኝ መልሴ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሰው ያደላል። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የከፈተው ዌይባክ ማሽን የጠፉ ድረ ገጾችን የቀድሞ መልክ ያሳያል፤ ዛሬ ያያችሁት ገጽ ነገ እንዳይጠፋባችሁም ቅጂውን ራሳችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ጽሑፍ ስታዘጋጁ በማስረጃነት የጠቀሳችሁትን ገጽ ሁሉ በዚያው ቀን እንድታስቀምጡ እመክራለሁ። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት የሀገራችን ብራናዎች ብዙዎቹን በነጻ ለተመዘገበ አንባቢ በድረ ገጹ ያሳያል። በወጣትነቴ አንዲት የብራና ቅጠል ለማየት ፊልሙን በማንበቢያው ማሽን ላይ እየጠመዘዝሁ ዐይኔ ይቀላ ነበር፤ እናንተ ግን በሁለት ጣት ታሰፏታላችሁ። ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ጥቂት ግን አለበት። የኢንተርኔት ዋጋ ለሚከብዳችሁ ደግሞ ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፒዲያን አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ያሳያችኋል።

ካርታ እየሣሉ የሚያሳዩት መሣሪያዎች፣ ማለትም አንድ የጥናት ጽሑፍ ስትሰጧቸው ተዛማጆቹን በነጥብና በመስመር እያያያዙ የሚያወጡት፣ ለጀማሪ ተመራማሪ ዐይን ገላጭ ናቸው። በእነርሱ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ በዓለም አቀፍ ማውጫ ያልተመዘገበ መጽሔት በካርታው ላይ ነጥብ የለውም፤ ተመልካቹም ባዶውን ቦታ ያልታረሰ መሬት አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጉግል የቃላት ሥርጭት ማሳያም እንዲሁ ነው። አንድ ቃል በመጻሕፍት ውስጥ ባለፉት ዘመናት ምን ያህል እንደተደጋገመ በመስመር ያሳያል፤ ዕብራይስጥ አለበት፣ አማርኛ የለበትም። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት «አቢሲኒያ» የሚለው ስም እየሳሳ «ኢትዮጵያ» የሚለው የጨመረበትን ጊዜ ልትመለከቱበት ትችላላችሁ፤ እኛ ራሳችንን በምን ስም ስንጠራ እንደኖርን ግን ከዚያ አታገኙም።

መልስ ሰጪውን ማሽን እንዳትነኩት የምል እንዳይመስላችሁ። እኔ በየዕለቱ እጠቀምበታለሁ፤ የምጠቀምበት ግን ወደማላውቀው ሙያ ስገባ በዚያ ሙያ ያሉ ሰዎች ምን ዓይነት ቃል እንደሚጠቀሙ ለመማር ነው። ቃላቱን ይዤ እወጣና በራሴ እፈልጋለሁ። አንድ ደብተርም አለኝ፤ በግራው ገጽ የጠየቅሁትን በጠየቅሁበት ቃል፣ ከነቀኑና ከነመሣሪያው ስም እጽፋለሁ፤ በቀኙ ገጽ ያገኘሁትንና ያገኘሁበትን ቦታ። ባዶ የቀሩት የቀኝ ገጾች ከሞሉት ይልቅ ጠቅመውኛል፤ ከወር በኋላ ተመልሼ በሌላ ቃል ስጠይቅ ብዙዎቹ ሞልተዋልና።

የአማርኛ ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። ማሽኑ በአማርኛ ሲመልስ የሚንተባተብበት አንዱ ምክንያት ይህ ጥቂትነት ነው፤ የሚማርበት ጽሑፍ አልሰጠነውም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ልጅ ተማሪዎች ጋር እየተቀመጥን፣ ምንጩን ከመጽሐፍ እያመሳከርን፣ ዘመኑንም በሁለቱም አቆጣጠር እየጻፍን ጥቂት ጥቂት እንጨምራለን። ባለፈው ወር ስለ ጫካ ቡና አንድ አጭር ጽሑፍ ስንጨርስ አንዲት ተማሪ «በየትኛው መደብ ላስገባው?» ብላ ጠየቀችኝ። በ«ቡና»ም በ«ደን»ም እንድታስገባው ነገርኋት።