ከመቶ በላይ ፔፐር ያለው የቆዳ ተመራማሪ «አብረን እንሥራ» ላለሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እዚሁ ባሕር ዳር የምትሠሪ ጠቅላላ ሐኪም ነሽ። በቁንጭር (በቆዳ ሊሽማኒያሲስ) ላይ ፕሮፖዛል አለሽ። ውጭ ሀገር ያለ የቆዳ በሽታ ተመራማሪ አብረን እንሥራ ብሎ ጽፎልሻል። ጉግል ስኮላር ላይ ስታዪው ከመቶ በላይ ፔፐር አለው፣ ኤች-ኢንዴክሱ ደግሞ 30 ነው። «ይሄ ሰው ይታመናል ወይ? ከዝርዝሩስ ምኑን ልይ?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች «ዕድል ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው» ብለዋል። እኔ እንደዚያ አልልም። እምቢ በዪ ማለቴ አይደለም፤ ቁጥሩን ተዪና ከስሙ ጎን እነማን እንደተጻፉ እዪ ነው የምልሽ።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ከዚሁ እየተነሳሁ ጎጃምና ጎንደር ገጠር ለቆዳ በሽታ ጥናቶች ሳምፕል ስሰበስብ ዓመታት አልፈዋል። ጥሩውንም መጥፎውንም አይቻለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርሰው። ኤች-ኢንዴክስን ያመጣው ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። 30 ነው ሲባል 30 ፔፐሮቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 30 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው። በቃ። በእነዚያ ፔፐሮች ላይ እሱ የመጀመሪያው ደራሲ ይሁን ወይስ መቶኛው አይነግርሽም። ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የሚወጡትን የዓለም የበሽታ ጫና ጥናቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ በአንዱ ፔፐር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ስም አለ፣ ከእኛ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ሰው አለበት። ሥራው ትክክለኛ ሥራ ነው፣ ሳይቴሽኑም (በሌሎች መጠቀሱም) ይጎርፋል። ግን ትልቅ ደቦ ነው፤ ደቦ የወጣ ሁሉ የማሳው ባለቤት አይደለም። እነዚህን ቀንሺና የቀረውን ቁጠሪ።

ደርማቶሎጂ፣ ማለትም የቆዳ ሕክምና ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስለ አንድ ታማሚ የተጻፈ፣ አንድ ፎቶና ሁለት አንቀጽ ያለው ኬዝ ሪፖርትም ሆነ ለጆርናል አዘጋጅ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ እንደ ፔፐር ይቆጠራል። ኬዝ ሪፖርት አልንቅም፣ አንዳንዱ ብዙ ያስተምራል። ግን ከመቶው ውስጥ ስንቱ እንደዚያ እንደሆነ ማየት አለብሽ።

ቀጥሎ ርዕሱን እዪ። ሰውየው እስከ ዛሬ የሠራው ስለ ሶሪያሲስና ስለ ብጉር ከሆነ፣ ቁንጭር ከየት መጣበት? መልስ ሊኖረው ይችላል፣ ጠይቂው። የላቲን አሜሪካ ወይም የመካከለኛው ምሥራቅ ልምድ ቢኖረውም እንዳለ እዚህ አይሠራም። የእኛን ቁንጭር በአብዛኛው የሚያመጣው ሊሽማኒያ ኤቲዮፒካ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ደጋ ላይ የሚገኝ፣ ሽኮኮ የሚሸከመው፣ አንዳንዴ ወደ አፍንጫና አፍ የሚገባ፣ አንዳንዴም መላ ቆዳውን የሚያለብስ። መድኃኒት ላይ የተሠራ ጥናትም ጥቂት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በኢሜይሉ ሁለተኛ መስመር ላይ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፔዳ አካባቢ ካሉት ፕሪንት ቤቶች አንዱ ግቢና ከኢትዮጵያ ጋር የተሠሩትን ፔፐሮቹን ዝርዝር አሳትሚ። በወረቀቱ ግራ ዓመቱን ጻፊ። ከዚያ የመጀመሪያውን ደራሲ፣ የመጨረሻውን ደራሲና የኢትዮጵያውያኑን ስም በተለያየ ቀለም አስምሪ። በሕክምና ምርምር የመጀመሪያው ሥራውን የሠራው ነው፣ የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ መሪ ነው። የእኛ ሰዎች ዓመት ከዓመት መሃል ላይ ብቻ ከተደረደሩ፣ በዚያ ላይ በየፔፐሩ አዲስ ስም ከሆነ፣ ሰው እያፈራረቀ ነው የሚሠራው። ያው ስም መጀመሪያ መሃል ላይ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፊት፣ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ከመጣ ግን ተመራማሪው ሌላ ሰው ያሳድጋል።

ስታስምሪ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ፔፐሮች ማውጫ የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ነው የሚይዘው፤ አበበ ከበደ «ከበደ አ.» ሆኖ ይመጣል። ፀጋዬ ደግሞ በላቲን ፊደል በየፔፐሩ በሌላ አጻጻፍ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ሰው የመሰለሽ አንድ ነርስ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ አንቺም ዛሬውኑ ኦርኪድ (ORCID) ክፈቺ፤ 16 አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ነው፣ ነፃ ነው፣ ስምሽ እንዳይበታተን ያደርጋል።

ጥሩ ምሳሌ ከፈለግሽ ከእግር ዝሆኔ የተሻለ አላውቅም፣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል የውጭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አፈሩን አጠና፣ በኋላ ጌይል ዴቪ የምትባል የውጭ ተመራማሪ ከኢትዮጵያውያን ጋር ቀጠለችበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል ላይ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነቱን ያሳየው ፔፐር ሲወጣ የመጀመሪያው ደራሲ ፋሲል ተኮላ አየለ ነበር። የበሽታውን የኢትዮጵያ ካርታ የሠራው ከበደ ደሪቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣው የምሥራቅ ጎጃሙ የሕክምና ሙከራም በኢትዮጵያዊ ስም ነው የሚጀምረው። የውጭ ሰው አለበት፣ ገንዘቡም ከውጭ ነው፣ ግን ስሞቹ ቦታቸውን ይዘዋል።

መጥፎውን ደግሞ ልንገርሽ። አንድ ቡድን መጣ፣ ስሙን ተዪው። ደጋ ወጣን። እያንዳንዱን ታማሚ ቤቱን አውቆ የሚያመጣው እዚያ ጤና ጣቢያ ያለ ጤና መኮንን ነበር፤ እኔ የቁስሉን ጠርዝ ቧጥጬ ስላይድ ላይ ስቀባ እሱ የልጁን ጭንቅላት ይዞ ያባብላል። ፔፐሩ ሲወጣ ያ ሰው ምስጋና ክፍል ውስጥ «የአካባቢው ሠራተኞች» ከሚለው ሥር ገብቷል፣ ስሙም የለም። ስንጠይቅ «ረቂቁ ላይ አልተሳተፈም» ተባልን። ረቂቁን ማን ላከለት?

ይሄ ዘዴ የተለመደ ስለሆነ ሕጉን እወቂው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት አራት ነገር ይጠይቃል፦ በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ትርጉም ያለው ሥራ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም ያስፈልጋሉ። ግን እዚያው ላይ የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው በቀሩት የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ይህችን መስመር ያዢ። ብዙ ጆርናሎች ፔፐሩ መጨረሻ ላይ ማን ምን እንደሠራ ይጽፋሉ፤ የእኛ ሰዎች ሁሌ «መረጃ መሰብሰብ» ላይ ብቻ ካሉና «ትንተና» እና «መጻፍ» ላይ ከሌሉ ነገሩ ገብቶሻል።

ከዚያ ስልክ ደውዪ። የቆዳ በሽታ ዓለማችን ጠባብ ነው፤ ጎንደር፣ ቦሩ ሜዳ ወይም አለርት ሆስፒታል የሠራ ሰው ከጠየቅሽ መሃል ላይ ያስመርሽውን አንዱን ስም ያገናኝሻል። «ሰውየው እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂው፣ ይሉኝታ ስላለ «ጎበዝ ነው» ይልሽና ያልፋል። ረቂቁን ለማየት ስንት ቀን ተሰጣችሁ? ዳታው እጃችሁ ላይ አለ? የተረፈው ሳምፕል የት ነው ያለው? እነዚህን ጠይቂ።

የኔ ምርጫ ምን ይሆን ነበር ካልሽ፣ ፔፐሩ ጥቂት ሆኖ ከእነሱ ውስጥ ግማሹ በተማሪዎቹ ስም የሚጀምር ሰው ነው።

ለኢሜይሉ መልሺ፣ በትህትና። የደራሲዎች ቅደም ተከተል፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥና ሳምፕል ከሀገር የሚወጣ ከሆነ በየትኛው ስምምነት እንደሆነ፣ ሁሉም ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ይሁን በዪው። አንድ ነገር ደግሞ፦ እስከዚያ ድረስ «ለማየት ያህል» ብሎ የታማሚ ፎቶ በቴሌግራም ቢጠይቅሽ አትላኪ። ቁንጭር ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ነው የሚወጣው፣ ልጁ ይታወቃል፤ እናቱም በጣቷ የፈረመችው ለሕክምናው እንጂ ለጆርናል አይደለም።